ካሜራ ይዞ ገደል መግባት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋ ተነስቶ ደንገጎን የሚወጣው፣ ከሐረርም ባቢሌን አልፎ ወደ ዳካታ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ግራ ቀኙ ገደልና ቋጥኝ ነው። ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ እዚያ ፊልም ለመቅረጽ ካሰቡ ወይም ቀርጸው ካልተሳካላቸው ሰዎች የመጡ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው እነሆ። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አጭር ፊልማችንን ከደንገጎ በታች ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ቀረጽን። «ማለዳና ወደ ማታ ቅረጹ፣ ብርሃኑ ወርቅ ነው» ስለተባልን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያው ነበርን። ምስሉ ግን ጨለማና ሰማያዊ ሆነ፤ ሰማዩ ደግሞ ነጭ ወረቀት መሰለ። ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የእኛ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ጥፋቱ የምክሩ ነው። ያ ምክር ለሜዳ ይሠራል፤ ገደል ውስጥ ግን የማለዳ ፀሐይ ወለሉ ድረስ አትወርድም። ሸለቆው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ፣ የግድግዳው ቁመት 40 ሜትር፣ የወለሉም ስፋት 40 ሜትር ነው እንበል። ፀሐይ 45 ዲግሪ ከፍ እስክትል ድረስ የምሥራቁ ግድግዳ ጥላ ወለሉን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። በእኛ አካባቢ ይህ የሚሆነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላም 9 ሰዓት ከሩብ አካባቢ የምዕራቡ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ይዘጋዋል። እናንተ የቀረጻችሁት ከሰማይ በሚወርድ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው።

የገደል ወርቃማ ሰዓት ሌላ ነው። ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ የምዕራቡን ግድግዳ የላይኛውን ክፍል ትመታለች፤ ቀዩ ድንጋይ ብርሃኑን ተቀብሎ ሞቅ ባለ ቀለም ወደ ታች ይመልሰዋል። ተዋናዩን ጥላ ውስጥ አቁማችሁ ፊቱን ወደበራው ግድግዳ አዙሩት። አንድ ትልቅ ሪፍሌክተር (ብርሃን የሚመልስ ሰሌዳ) ሊሰጣችሁ የማይችለውን ለስላሳ ብርሃን ግድግዳው በነፃ ይሰጣችኋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት በተቃራኒው አቅጣጫ ይደገማል። ስለዚህ የፊት ሾቶችን በእነዚህ ሁለት መስኮቶች ጨርሱ፤ ሰፋፊዎቹን ሾቶች ፀሐይ ወለሉ ላይ ባለችበት ሰዓት ያዙ።

ወሩም ለውጥ ያመጣል። ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ፀሐይ በእኩለ ቀን አናታችን ላይ ትቆማለች፤ የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። በታኅሣሥ ግን በእኩለ ቀንም ቢሆን ከደቡብ አድማስ 57 ዲግሪ ብቻ ናት የምትወጣው፤ ጥላው ዘንበል ብሎ ቋጥኙን ቅርጽ ያወጣለታል። ምርጫ ካላችሁ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ። ሸለቆው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ከሆነ ግን በታኅሣሥ የደቡቡ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ እንደሚውል አስቡበት።

ሰማዩ ነጭ የሆነው ካሜራው ጥላንና ሰማይን አንድ ላይ መያዝ ስላልቻለ ነው። መፍትሔው ሰማዩን ከፍሬም ማውጣት ነው፤ ካሜራውን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች ስታዘነብሉት ከተዋናዩ ጀርባ ድንጋይ ይሆናል። ሰማይ የግድ የሚያስፈልግበትን ሾት ለ5 ሰዓት ተዉት። በጠራራ ፀሐይ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ በሹተር 1/50፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ሌንሱን ኤፍ 4 ላይ ለመክፈት 5 ስቶፕ መቀነስ አለባችሁ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፤ ይህ ኤንዲ 32 የሚባለው ብርሃን ቀናሽ ፊልተር ማለት ነው። ካሜራችሁ በሎግ (ቀለሙ ኤዲቲንግ ላይ እንዲስተካከል ምስሉን አደብዝዞ በሚቀዳበት መንገድ) ሲቀርጽ ከአይኤስኦ 800 በታች የማይወርድ ከሆነ ኤንዲ 256 ያስፈልጋል። የሚዞረው ርካሽ ኤንዲ ፊልተር በሰፊ ሌንስ መጨረሻው ድረስ ሲዞር ሰማዩ ላይ ጥቁር የመስቀል ቅርጽ ያወጣል፤ ቁርጥ መጠን ያለውን ፊልተር ግዙ።

ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) አውቶ ላይ ከተዋችሁት ቀዩን ግድግዳ ባየ ቁጥር ምስሉን ወደ ሰማያዊ ይጎትተዋል፤ በአንድ ሾት መካከልም ይለዋወጣል። ፀሐይ ላይ 5500፣ ጥላ ላይ 7000 ኬልቪን አድርጋችሁ ቆልፉት።

ጥያቄ፦ በፊልም የምናያቸው የአሜሪካ ገደሎች እውነት እዚያው የተቀረጹ ናቸው? እኛስ ዳካታን እንደዚያ ግዙፍ አድርገን ማሳየት ለምን አቃተን? (የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። በ1960ዎቹ (በዚህ መልስ ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጣሊያኖች ከሠሯቸው የካውቦይ ፊልሞች ብዙዎቹ አሜሪካን አልረገጡም፤ የተቀረጹት ደቡብ ስፔን፣ አልሜሪያ ውስጥ ባለው የታበርናስ በረሃ ነው። በ1991 የወጣው «ቴልማ እና ሉዊዝ» መጨረሻ ላይ መኪናዋ የምትወረወርበት ገደል በታሪኩ ግራንድ ካንየን ነው፤ የተቀረጸው ግን ዩታ ውስጥ፣ ዴድ ሆርስ ፖይንት ከሚባለው አምባ ሥር ነው። ጥቅሙ ካሜራ ላለው ሰው ግልጽ ነው። ግራንድ ካንየን 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከአንዱ ጫፍ ቆመው ሲያዩት ማዶው በጭጋግ ይደበዝዛል፤ ካሜራ ላይ እንደተሳለ መጋረጃ ጠፍጣፋ ይሆናል። ለፊልም የሚመቸው ማዶው የሚታይ ገደል ነው።

እናንተም የገጠማችሁ ይኸው ነው። ግዙፍነት በራሱ አይታይም፤ ዓይን የሚያወዳድረው ነገር ይፈልጋል። ዳካታ ላይ አንዱ ቋጥኝ በሌላው አናት ላይ ተደርቦ ቆሟል፤ ሰው ከጎኑ ካልቆመ ተመልካቹ የቡጢ ያህል ይሁን የቤት ያህል አያውቅም። ሰዉን ደግሞ ከካሜራው አጠገብ አታቁሙት። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 50 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከፍሬሙ ቁመት 25ኛውን ያህል ብቻ ይይዛል፤ ነጥብ ነው። በ85 ሚሊ ሜትር ግን 7ኛ ገደማ ይሆናል፤ ሰው መሆኑ ይለያል፣ ቋጥኙም ከበላዩ ያንዣብባል። ቀይ ድንጋይ ላይ ቡናማና ካኪ ልብስ ይዋጣል። የሐረር ሴቶች የሚለብሱት ደማቅ ብርቱካናማና ሐምራዊ ግን ከ300 ሜትርም ይነበባል።

ስለ ገደል ፊልም ካነሳን አንድ ልትማሩበት የሚገባ ሥራ አለ። በ2010 የወጣው የዳኒ ቦይል «127 ሰዓታት» በ2003 ዩታ ውስጥ ብሉጆን በሚባል ስንጥቅ ገደል እጁ በድንጋይ ተይዞ ስለቆየ ሰው ነው። እውነተኛው ቦታ ካሜራና ሠራተኛ የማያስገባ ጠባብ ስለሆነ ስንጥቁን ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ መጋዘን ውስጥ አስመስለው ሠሩት፤ ከእውነተኛው ቦታ ምስል ጋርም አዋሐዱት። አቅማችን መጋዘን አይከራይም፤ ሐሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን፦ ከሩቁ ገደል በጥቂቱ፣ ለመንገድ ከሚቀርበው ድንጋይ በብዛት። የአሥር ደቂቃ ፊልም ከእውነተኛው ገደል ጫፍ የሚፈልገው ስድስት ሰባት ሾት ነው። የቀረው ንግግር፣ እጅ፣ እግር፣ ፊት ከመኪና አምስት ደቂቃ በሚያስኬድ፣ ተመሳሳይ ቀለም ባለው ቋጥኝ ሥር ይቀረጻል። ይህን ያልለየ ቡድን አንዱን ቀን በመውጣትና በመውረድ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቴ የጠፋች ፍየል ፍለጋ ገደል ስለሚወርድ ልጅ ነው። ያነበቡት ሁሉ «ቦታው ያምራል፣ ታሪኩ ግን ቆሟል» አሉኝ። አቦ፣ ምን ጎደለው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የላኩልን ስምንት ገጽ ላይ ልጁ አሥራ አንድ ጊዜ «ዙሪያውን ይመለከታል»። ገደሉ ልጁን ምንም አላደረገውም፤ እንደ ካላንደር ሥዕል ከኋላው ተንጠልጥሏል። ገደል ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ውኃ ይጨርሳል፣ ብርሃን ቀድሞ ይዘጋል፣ መንገድ ይሰውራል። ከሦስቱ አንዱን ይምረጡና ታሪኩን እሱ ይግፋው።

ውኃን ብንወስድ፦ ልጁ ቢጫ የ3 ሊትር ጄሪካን በገመድ ትከሻው ላይ አንግቷል። ፀሐይ ከኋላው ስትመታው ፕላስቲኩ ያሳልፋል፤ የውኃው መስመር እንደ ጥቁር ክር ይታያል። መጀመሪያ የጄሪካኑ አንገት ጋ ነው። ቀጥሎ ወገቡ ጋ። ከዚያ ሲሮጥ የሚንቦጫቦጨው ድምፅ ይቀየራል፤ ሙሉ ጄሪካን ዝም ይላል፣ ግማሹ ይጮኻል፣ ባዶው ጭኑን ሲመታ እንደ ከበሮ ነው። ልጁ ፍየሏን ሲያገኛት ሁለት ጉንጭ ውኃ ብቻ ከቀረው ማን ይጠጣ የሚለው ጥያቄ አንድ ቃል ንግግር አይፈልግም። ሲቀርጹ ትዕይንቶቹ በቅደም ተከተል ስለማይሄዱ የውኃውን መጠን በየትዕይንቱ ክላፐር (የትዕይንቱ ቁጥር የሚጻፍበት ሰሌዳ) ላይ ይጻፉ፦ 3፣ 2፣ 1፣ ግማሽ። ይህን ያልጻፈ ቡድን ኤዲቲንግ ላይ ሲደርስ ጄሪካኑ መልሶ ይሞላበታል።

ሌላው አቅጣጫ ነው። ልጁ ሲወርድ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ፤ ሲመለስ ከቀኝ ወደ ግራ። ተመልካች የገደሉን ካርታ የሚሠራው በዚህ ነው። መንገድ የጠፋበት ቅጽበት ሲደርስ ብቻ አቅጣጫውን ይስበሩት፤ ተመልካቹም ከልጁ ጋር ይጠፋል። ያቺን «ዙሪያውን ይመለከታል» የምትለውን ከአሥራ አንዱ አሥሩን ይሰርዟት።

ጥያቄ፦ ከገደል ጫፍ የሚንጠለጠል ሰው ማሳየት እንፈልጋለን። ገመድ አለን። በቂ ነው? (ከባቢሌ)

መልስ፦ አይደለም፤ እባካችሁ ተዉት። የገበያ ገመድ ሰው ሲወድቅ የሚመጣውን ድንገተኛ ጉተታ አይችልም። የዳካታ ተደራራቢ ቋጥኞችም ለዘመናት ቆመዋል ማለት የሰው ክብደት ይሸከማሉ ማለት አይደለም፤ አትውጡባቸው። የምትፈልጉት ከፍታ ሳይሆን የከፍታ ስሜት ነው።

አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው፣ ከጀርባው ርቆ የሚታይ ሸለቆ ያለው ድንጋይ ፈልጉ። ከሥሩ ፍራሽ አንጥፉ። ካሜራው ከድንጋዩ ከፍ ብሎ በተዋናዩ ትከሻ ላይ ያልፍና በቀጥታ ማዶውን ሸለቆ ያያል፤ ፍራሹና መሬቱ ከፍሬሙ በታች ይቀራሉ። ሁለተኛው ሾት የጣቶቹ ነው፦ የድንጋዩ ጠርዝ፣ የነጡ አንጓዎች፣ ከሥራቸው የሚፈርስ ጠጠር። ሦስተኛው ከእውነተኛው ጫፍ፣ ሰው በሌለበት፣ ትራይፖድ ላይ ሆኖ ወደ ታች የተቀረጸ ባዶ ገደል ነው፤ ካሜራማኑም ከጫፉ ሁለት ሜትር ርቆ ይቁም። አንድ ጠጠር ሲወድቅ ቀርጹና መሬት እስኪነካ ያለውን ዝምታ ኤዲቲንግ ላይ አርዝሙት። ተመልካቹን የሚያስጨንቀው ያ ዝምታ ነው።

ጥያቄ፦ ድምፃችን ሁሉ ያስተጋባል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይውጠዋል። (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ግድግዳው ከ17 ሜትር በላይ ከራቀ ድምፁ ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ በኋላ ስለሚመለስ እንደ ሁለተኛ ቃል ይሰማል። ከዚያ ከቀረበ ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ንግግሩን ያደበዝዘዋል። በኤዲቲንግ ማውጣት ከባድ ነው። ማይኩን ወደ አፍ አቅርቡ፤ ቡም (በረጅም ዘንግ የሚያዝ ማይክ) ከሆነ ከ50 ሴንቲ ሜትር አይራቅ፣ የደረት ማይክ ከሆነ ከሸማው ሥር ይግባ። ከተዋናዩ ጀርባና ከፍሬም ውጭ ሁለት ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቀው አየሩ ሸለቆውን ይዞ ወደ ላይ ይነዳል፤ ስለዚህ ነፋሱ ከ7 ሰዓት በኋላ ይበረታል። የንግግር ትዕይንት ጠዋት ይለቅ። ማይኩ ላይ ፀጉራም ሽፋን አድርጉ፤ ስፖንጁ ብቻ ለገደል ነፋስ አይበቃም። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። እያንዳንዱ ቦታ ሲያልቅ ሁሉም ሰው 60 ሴኮንድ ዝም ብሎ ይቁምና የቦታውን ድምፅ ቅረጹ። ማስተጋባቱንም ብቻውን ቅዱት፤ ልጁ ፍየሏን ሲጠራ ያስፈልጋችኋል።

ጥያቄ፦ መኪናችንን ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ብናቆመው ምን ችግር አለው? የምንቀርጸው መጋቢት ላይ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። (ከቀፊራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የድሬዳዋ ሰው ይህን መልስ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ደራሽ የሚመጣው እናንተ ካላችሁበት ሰማይ አይደለም፤ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ውኃው እታች ያለ ደመና ይደርሳል። መጋቢት ደግሞ የበልግ ወር ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ውኃ ውኃ አይመስልም። ቡናማ አረፋ ጭራሮ፣ ደረቅ ቅጠልና የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ በአሸዋው ላይ ይሳባል፤ ከኋላው የሚንከባለል ድንጋይ ድምፅ አለ። ያን ያየ ሰው ዕቃ አይሰበስብም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ይሮጣል። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ አያድንም። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውኃ ትንሽ መኪና ይገፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ያነሳል።

ቦታ ስትመርጡ ዳር ያሉትን ግራሮች ተመልከቱ። ቅርንጫፋቸው ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ላስቲክ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ ይነግራችኋል፤ መኪናና ጀነሬተር ከዚያ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር በላይ ይሁኑ። ደንገጎ ላይ አንድ ሰው በስልክ ይጠብቅ፤ «ዘነበ» ባለ ሰዓት ሾቱ መካከል ቢሆንም ይቋረጣል። ስልክ ገደሉ ውስጥ ስለማይሠራ ጠርዙ ላይ ጥሪውን የሚቀበልና በፊሽካ የሚያስተላልፍ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። መውጫውን ጠዋት አንድ ጊዜ ተለማመዱት፤ ከ3 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ቦታውን ቀይሩ።

የመጠጥ ውኃም አይረሳ። ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ያዙ፤ ለአሥር ሰው 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ስልክ ራሱን ሊያጠፋ፣ ካሜራም ቀረጻ ሊያቋርጥ ይችላል። በሾት መካከል በነጭ ነጠላ ሸፍኑት፤ ጥቁር ጨርቅ አታልብሱት። ሌንስ የምትቀይሩት መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዘግታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ድሮን ለማብረርና ዝሆን ለመቅረጽ ማንን እንጠይቅ? (ከሐረር)

መልስ፦ ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ አይበርም፤ ድሬዳዋ ላይ ኤርፖርቱም ቅርብ ነው። ፈቃዱ ቀረጻው ከመድረሱ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ይጀመር። ከሸለቆ ወለል ስታስነሱት ግድግዳዎቹ የሳተላይት ምልክት ይጋርዱበታልና ወደ ቤት የመመለሻውን ከፍታ ከግድግዳው ቢያንስ 20 ሜትር አስበልጣችሁ ሙሉት፤ አለዚያ ሲመለስ ቋጥኙን ይገጫል።

የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን መሬቱ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልሎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ በተጨማሪ የምትገቡበትን ወገን የወረዳ ደብዳቤ ያዙ፤ የአንዱ ደብዳቤ በሌላው ኬላ አይሠራም። ያለ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) አትግቡ። በኤረርና በጎበሌ ሸለቆ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዝሆን 20 ሜትር ላይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ድሮን መንጋውን ያስበረግጋልና እዚያ አይነሳ። ለፊልማችሁ አሻራና የተሰበረ ቅርንጫፍ ከ85 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ሌንስ፣ ዝሆኑን ከ200 በላይ በሆነ ሌንስ ከሩቅ ቅረጹ።

ከደብዳቤው ሌላ የሰፈሩን ሽማግሌ ሳታነጋግሩ ካሜራ አታውጡ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚችል ሰው ከቡድኑ ውስጥ ይኑር። የቀን ሠራተኛ ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ይነገር፤ ከሰዓት የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ሰዓት ስለሆነ ዕቃ መሸከሙ ጠዋት ይለቅ።

ጥያቄ፦ ለገ ኦዳ ያለውን የዋሻ ሥዕል ለመቅረጽ ውኃ ሲረጩበት ቀለሙ ይወጣል ይባላል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ቀለሙ ለአፍታ ይደምቃል፤ ውኃው ግን ሲደርቅ ጨው ወደ ላይ ያመጣና ሥዕሉን በነጭ ሽፋን ይጋርደዋል። በፍጹም አይርጩ፤ በጣትም፣ በኖራም አይንኩት። ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ከሥዕሉ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ከጎን፣ ከድንጋዩ ገጽ ጋር 20 ዲግሪ ያህል በሚሆን ዝቅተኛ ማዕዘን ይብራ፤ የድንጋዩ ሸካራነትና ቀለሙ ይለያያሉ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን፣ አይኤስኦ ዝቅ ይበል። የደበዘዘውን ቀለም ማጉላት ካስፈለገ የቀዩን ቀለም ኤዲቲንግ ላይ ከፍ ያድርጉት፤ ድንጋዩ ላይ ምንም መደረግ የለበትም።